መልስ፦ ወረዳው ለሰፈር ጥበቃ ያግዛል ወይ?
ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ ላይ ነዋሪው ጥበቃ ቢያደራጅ ወረዳው ያግዛል ወይ ላልከው፣ ያግዛል፣ ብር ግን አትጠብቅ። የዘበኛው ደሞዝ ከኪሳችሁ ነው። መጀመሪያ ከየብሎኩ ሰው ምረጡ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙና የወረዳው ሰላምና ጸጥታ ጽህፈት ቤት ግቡ። የፖሊስ የአደጋ ጊዜ ስልክ 991 አለ፣ እሺ፣ ግን ሰፈራችሁን የሚያውቀውን የማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ስልክ ተቀብላችሁ ለዘበኞቹ ስጡ።

እኛን በጣም የጠቀመን መብራት ነው። ከታክሲ መውረጃው እስከ መጀመሪያው ብሎክ ያለው ኮረኮንች ድቅድቅ ጨለማ ስለነበር፣ አምሽተው ከስራ የሚመለሱ እህቶቻችን ስልክና ቦርሳ የሚነጠቁት እዚያው ነበር። የመንገድ መብራት እንዲገባ በደብዳቤ ጠይቁ፣ እስኪመጣ ደግሞ በረንዳ ላይ አምፖል አብሩ።

አደራ፣ ያለ ተያዥ ዘበኛ አትቅጠሩ። ሌባ ሲያዝም ማንም እንዳይደበድበው፣ ለፖሊስ አስረክቡ።