ኮፈኑ ላይ የተጨማደደው ቀለም

ጥያቄው ከዚሁ ከአዳማ ነው የመጣው። ጠያቂዬ ነጭ ኮሮላ አለው፤ ያገለገለ ነው የገዛው። ኮፈኑ ደብዝዞበት ኮምፕሬሰር ተከራየና ግቢው ውስጥ ራሱ ቀባው። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ በቤንዚን ወለወለ፣ ረጨ። የመጀመሪያው እጅ አማረለት። ሁለተኛውን ሲደግም ግን ቀለሙ ዓይኑ እያየ ተጨማደደ። «ሲደርቅ ፈግፍጌ በላዩ ብደግመው ይሸፍነዋል ወይ?» ይላል።

አይሸፍነውም ወንድሜ። ሦስተኛ ብትጨምር ሦስተኛውም ይጨማደዳል።

ጥፋቱ አንተ የረጨኸው ቀለም አይመስለኝም። ከሥሩ ያለው ነው። መኪናውን ለገበያ ያሰማመረው ሰው ኮፈኑን በሲንቴቲክ ሳያስቀባው አልቀረም፤ ለግቢ በር የምንቀባው ዓይነት። ሲንቴቲክ ከላይ ይደርቃል እንጂ ቲነርን፣ ማለትም ቀለም ማቅጠኛውን፣ አይችልም። የመኪና ቀለም ቲነር ደግሞ ኃይለኛ ነው። ሰርጎ ይገባና የታችኛውን ያሳብጠዋል። ያበጠው መሄጃ ሲያጣ እንደ ወተት ስልባቦት ይሸበሸባል። የመጀመሪያው እጅ የተረፈልህ ስስ ስለነበረ ነው፤ ቲነሩ ሳይሰርግ በነነ። ሁለተኛውን አወፈርከው መሰለኝ።

በግምት አትሂድ፣ ፈትነው። ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ያንተን ቀለም ፈግፍገህ አሮጌውን ግለጥ። ጠቆር ያለ ጨርቅ ቲነር ውስጥ ንከር። ቀለሙ ነጭ ስለሆነ ነጭ ጨርቅ ምንም አያሳይህም። ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭነህ ያዝና በጥፍርህ ጫር አድርገው። እንደ ማስቲካ ከለሰለሰ ወይም ጨርቁ ነጭ ከሆነ ሥሩ አይረባም። ንቅንቅ ካላለ የፋብሪካው ቀለም ነው፣ አለዚያም በሃርድነር፣ ማለትም ከቀለም ጋር ተቀላቅሎ በሚያጠነክረው ፈሳሽ፣ የተቀባ። እግረ መንገድህን ፓራፋንጎዎቹን (የጎማ መሸፈኛዎቹን) እና ስፖርቴሎዎቹንም (በሮቹን) ፈትን። ኮፈኑን ብቻ ሲንቴቲክ የሚቀባ ሰው እምብዛም አይቼ አላውቅም።

ከለሰለሰ እስከ ላሜራው ማውረድ ነው፣ ሌላ መላ የለውም። ኮፈኑን ፍታው። አራት ብሎን ነው፣ ግን ብቻህን አትሞክር፤ ሲንሸራተት ጥጉ የፊት መስታወቱን ያገኘዋል። በብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80 ጀምርና ቀስ እያልክ ወደ 180 ውጣ። ላሜራው ከተገለጠ በባዶ እጅህ አትነካካው፣ ላብ ብቻውን ዝገት ያስነሳል። ፕራይመሩም፣ ከቀለሙ ሥር የሚገባው መነሻ ቅብ፣ ዕለቱን ይቀባ። ኢፖክሲ ቢሆን እመርጣለሁ። ሱቅ ሄደህ «አንቲሩጂኒ (ፀረ ዝገት) ስጠኝ» ካልክ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጡህ የበር ነው። እሱም ሲንቴቲክ ነው። ያን ሁሉ ለፍተህ እዚያው ትመለሳለህ።

ቤንዚኑንም ተው። ቅባት ያወጣ ይመስላል እንጂ የራሱን ትቶ ይሄዳል። በሳሙና እጠብ፣ አድርቅ፣ ከዚያ በቅባት ማስለቀቂያ ወልውል፤ ሳይደርቅ በሌላ ንጹህ ጨርቅ አንሳው።

አሁን ወደ መርጨቱ። ግቢ ውስጥ ራስህ መርጨትህ ላይ አልስማማህም።

አንደኛ ነገር፣ ያለነው አዳማ ነው። ዳገቱ ላይ የቆሙት የ«አዳማ አንድ» ነፋስ ኃይል ማመንጫ 34 ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም። ጀማሪ ሳለሁ ግቢ ውስጥ አንድ ስፖርቴሎ ቀብቼ ቆሜ አደንቃለሁ፣ ነፋስ ተነሳ። ጎረቤት ጤፍ እየተበጠረ ነበር። ገለባው መጥቶ ክሊሩ፣ ከላይ የሚረጨው አንጸባራቂ ቅብ፣ ላይ ተደረደረ። በፒንሳ አንድ በአንድ ልለቅም ሞከርኩ፣ ባሰበት። ማግስቱን እንደገና ፈገፈግኩ፤ ቀለሙ ከኪሴ።

አቧራው ግን ቢከፋ ቢከፋ ሥራ ነው የሚያበላሸው። ሃርድነሩ ሌላ ነው። ውስጡ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለ፤ ሲረጭ በአየር ይገባና አስም ያስይዛል። አንዴ ከያዘህ ትንሽ ሽታው እንኳ ያንቅሃል። ከኮቪድ ጊዜ የተረፈው ማስክ አያግደውም። ወተት መጠጣትም ሳንባ አያጥብም፤ ስንት ቀለም ቀቢ በዚህ ተታሏል! በወጉ የሚሠራ ሰው ንጹህ አየር በቱቦ የሚያስገባ ጭምብል አድርጎ ነው የሚረጨው። አንተ ግቢ ውስጥ ልጆች አሉ፣ ልብስ ተሰጥቷል፣ ጎረቤት አለ።

ስለዚህ ሥራውን ክፈለው። ኮፈኑን አንተ አውርድና ኦቨን፣ ማለትም የተዘጋ የቀለም መርጫ ክፍል፣ ላለው ቀቢ ውሰድለት፤ ፕራይመሩንም ቀለሙንም እሱ ይርጨው። አብዛኛው ድካም መፈግፈጉ ላይ ስለሆነ ዋጋውን በዚያ ልክ ተከራከረው። አስቀድመህ ቀጠሮ ያዝ፣ የተራቆተ ላሜራ ወረፋ አይጠብቅም። ስታስረክበው «ሥሩ ሲንቴቲክ ነበር» በለው፣ ሌሎቹ ላይ ያገኘኸውንም ሳትደብቅ ንገረው።

የቀለሙንም ኮድ ይዘህ ሂድ። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ወይም የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለችው ትንሽ ሳህን ላይ ተጽፏል። ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም፤ በቶዮታ 040 ተራው ነጭ ነው፣ 070 ግን ፐርል፣ እንደ ዕንቁ የሚያብለጨልጭ ነጭ፣ ነው። 070 ከሆነ ሥራውም ዋጋውም ይለያል፣ ቀቢው ሳይነግርህ በፊት እወቀው።