500 ጊዜ ያጎላል ስለተባለው ቴሌስኮፕ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ የሐዋሳ ተማሪ «ጋሼ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 500 ጊዜ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ አግኝቻለሁ፤ ልግዛው?» ሲል ጠየቀኝ። ወዲያው አልመለስኩለትም፤ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

እኔ የቅየሳ ጡረተኛ እንጂ የሥነ ፈለክ ሰው አይደለሁም። ግን ቀያሽ ማዕዘን የሚለካበት መሣሪያ፣ የቲዮዶላይት ቱቦ ራሱ ትንሽ ቴሌስኮፕ ነው። በወጣትነቴ ከሐዋሳ ወጣ ብለን መንገድ ስንቀይስ ድንኳናችን ከሐይቁ አይርቅም ነበር። ማታ ጉማሬ ለግጦሽ ስለሚወጣ ብዙ ርቆ መሄድ የለም። ወጥ ሠሪያችን «ከአንበሳ ይብሳል» እያለ ያስፈራራን ነበር፤ እውነቱን ነው። አንድ ምሽት መሣሪያው ሳይነሳ ጨለመ። እኔም ቱቦውን ሰማዩ ላይ ጎልቶ ወደሚታየው ብርሃን አዞርኩት።

ጁፒተር ነበረች። ምስር የምታህል ቢጫ ክብ፣ በአንድ ጎኗ ሦስት፣ በሌላው አንዲት ነጥብ፣ ሁሉም በአንድ መስመር። ጓደኛዬ አየና «አቧራ ነው፣ ጥረገው» አለኝ። ሌንሱን በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁት፤ ነጥቦቹ አልጠፉም። እየተቀባበልን አየን፣ እራታችን ቀዘቀዘ።

ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው እነዚህኑ ጨረቃዎች ነው፤ ያውም የሱ ቱቦ 20 ጊዜ ገደማ፣ የኛው 30 ጊዜ ገደማ ነበር የሚያጎላው። እሱ ግን በተከታታይ ሌሊቶች ደጋግሞ አየ። ነጥቦቹ ቦታ ሲቀያየሩ ጁፒተርን እንደሚዞሩ ገባው። እኛ ማግስቱን አላገኘነውም። አለቃችን ሰምቶ «የመንግሥት ዕቃ ኮከብ መቁጠሪያ አይደለም» ብሎ ሣጥኑን ቆለፈ፤ ካምፑም ተነሣ። ከዓመታት በኋላ ቶታል ስቴሽን የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ቅየሳ መሣሪያ ሲመጣ ያ መሣሪያ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር በኪሎ ተሸጠ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። የፊቱ ሌንስ ከሩቅ የመጣውን ብርሃን አጥፎ ቱቦው ውስጥ ምስል ይሠራል፤ የዓይን ሌንሱ ያንን ምስል ያጎላል። ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ለማወቅ የፊቱን ሌንስ የትኩረት ርዝመት (ከሌንሱ እስከ ሩቅ ነገር ምስል ያለውን ርቀት) ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርዝመት ማካፈል ነው፤ 600 ሚሊ ሜትር ለ20 ሲካፈል 30። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር በ1611 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዓይነት ቴሌስኮፕ ምስሉን ይገለብጣል፤ ግን ምስሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የመስቀል ክር መግጠም ይቻላል። ቀያሽ አነጣጥሮ ማዕዘን የሚያነበው በዚህ ነው። ድሮ ክሩ የሸረሪት ድር ነበር፤ ይህን ስነግራቸው የሚስቁብኝ አሉ።

የዓይን ሌንሱን የትኩረት ርዝመት እያሳጠሩ ካርቶኑ ላይ 500 ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ከ100 ጊዜ ሲያልፍ የሚያሳየው የደበዘዘ ጭጋግ ነው። ዋናው የሚሰበስበው ብርሃን ነው፤ በጨለማ 7 ሚሊ ሜትር ከሚከፈተው የዓይን ብሌን 50 እጥፍ ገደማ ይሰበስባል። የዛሬ ልጆች ትልቅ ቁጥር ካያችሁ አትጠይቁም። «ስልኩን ተውትና ሰማዩን እዩ» ልል ነበር፣ ግን ጁፒተር በየት በኩል እንደምትወጣ የነገረኝ የልጅ ልጄ ስልክ ነው።

አንድ ሌንስ ብቻ ቀለማትን እኩል ስለማያጥፍ በደማቅ ነገር ዙሪያ ሐምራዊ ጠርዝ ያመጣል። እንግሊዛዊው የሌንስ ሠሪ ዶሎንድ በ1758 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያወጣበት ዘዴ ሁለት ዓይነት ብርጭቆ አጣምሮ ይህን ይቀንሳል። ሌንስ የሚያዘው በጠርዙ ብቻ ስለሆነ ሲተልቅ በገዛ ክብደቱ ይለመጣል። አሜሪካ ውስጥ በ1897 እ.ኤ.አ. ከተመረቀው የየርክስ የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ 102 ሴንቲ ሜትር የፊት ሌንስ የሚበልጥ ለሥነ ፈለክ ሥራ ያልዋለውም ለዚህ ነው። የእንጦጦ የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችም የሚሠሩት በመስተዋት ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ በዚያ ገንዘብ ጥሩ ባይነኩላር ብትገዛ ይሻልሃል፤ እሱም ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቴሌስኮፖች ነው፣ ግድግዳ ላይ ካስደገፍከው የጁፒተርን ጨረቃዎች ያሳይሃል። ቱቦው ልብህን ከወሰደው ግን ግዛው፣ እኔም በአንተ ዕድሜ ብሆን እገዛው ነበር። ብቻ 500ውን እርሳና በ30 ተመልከትበት። ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት ደግሞ ቱቦውን ትሪፖዱ ላይ አስቀምጠህ በጣትህ ነካ አድርገው፤ መንቀጥቀጡን ቶሎ ካላቆመ ለሻጩ መልስለት።