በመድኃኒቱ የሚሞተውን ባክቴሪያ የፋጅ ምርመራው «ተላምዷል» ሲል

ጥያቄ፦ ባክቴሪያ ከበቀለበት የደም ካልቸር ጠርሙስ ናሙና ወስደን ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ሜቲሲሊንን መላመድ አለመላመዱን በፋጅ (ባክቴሪያን በሚያጠቃ ቫይረስ) እንለያለን። አንዱ ቱቦ ሴፎክሲቲን (እንደ ሜቲሲሊን ያለ የቤታ ላክታም አንቲባዮቲክ) አለው፣ ሌላው የለውም። በሁለቱም ፋጅ ጨምረን መባዛቱን በስትሪፕ ላይ በሚወጣ መስመር እናነባለን። በዲስክ (መድኃኒት በያዘ ወረቀት ዙሪያ ባክቴሪያ የማይበቅልበትን ክብ በመለካት) ሲታዩ መድኃኒቱ የሚገድላቸው ባክቴሪያዎች ግን ሴፎክሲቲን ባለበት ቱቦም መስመር ያወጣሉ። ምን እንፈትሽ?

መልስ፦ ስትሪፑ የሚያየው የፋጁን ፕሮቲን እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም። ስለዚህ አስቀድማችሁ ብሮዝ (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ) እና ፋጅ ብቻ ያለበት ሦስተኛ ቱቦ ከሌሎቹ እኩል አቆይታችሁ አንብቡ። መስመር ካወጣ፣ የምታነቡት ራሳችሁ የጨመራችሁትን ፋጅ ነው። ስቶኩን (ያከማቻችሁትን ፋጅ) በአሥር በአሥር እጥፍ እያቀጠናችሁ መስመሩ የሚጠፋበትን ደረጃ ፈልጉ። የምትጨምሩት ፋጅ ከዚያ ቢያንስ በአሥር እጥፍ ይነስ። አዲስ ስቶክ በገባ ቁጥር ይህን መድገም ግድ ነው።

ሦስተኛው ቱቦ መስመር ካላወጣ፣ ጥፋቱን ከጊዜው ፈልጉት። ሴፎክሲቲን የሚገድለው ግድግዳውን እየሠራ በማደግ ላይ ያለን ባክቴሪያ ነው፤ ያም ጊዜ ይወስድበታል። ፋጅ ግን ገብቶ፣ ተባዝቶ ለመውጣት ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። ሁለቱን አንድ ላይ ከጨመራችሁ ባክቴሪያው ከመሞቱ በፊት ፋጁን አባዝቶ ይጨርሳል። መድኃኒቱ ከደከመ ደግሞ ይብሳል፦ ለመግደል የማይበቃ ቤታ ላክታም መከፋፈሉን ብቻ ይገታና ያበጠው ሴል ከወትሮው የበለጠ ፋጅ ሊያወጣ ይችላል። ሴፎክሲቲኑን በትንሽ በትንሹ ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙ፤ አንዴ የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ።

አሠራሩን እንዲህ አስተካክሉት። ጠርሙሱ ረዚን (መድኃኒት የሚመጥ ቅንጣት) ካለው የወሰዳችሁት ናሙና እስኪዘቅጥ ጠብቁ። ከላይኛው ለእያንዳንዱ ቱቦ 10 ማይክሮ ሊትር ወስዳችሁ ካልሲየምና ማግኒዢየሙ በተስተካከለ 990 ማይክሮ ሊትር ሙለር ሂንተን ብሮዝ ላይ ጨምሩ። በበቀለ ጠርሙስ በአንድ ሚሊ ሊትር ብዙ ጊዜ ከ10 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን ባክቴሪያ ስለሚኖር ይህን ማቅጠን አትዝለሉት። ፋጁ ባክቴሪያው ላይ እንዳይጣበቅ የሚያደርጉትን የሴረም ፕሮቲኖችም ያሳሳል። በመድኃኒቱ ቱቦ ሴፎክሲቲን በሚሊ ሊትር 4 ማይክሮግራም ይሁን። ሁለቱንም ያለ ፋጅ በ35 ዲግሪ አቆዩ፣ ፋጁን ከዚያ በኋላ ጨምሩ። ኢንኩቤተሩን 37 ላይ አትተዉት፤ ከ35 በላይ አንዳንዱ የተላመደ ስታፍ ጠባዩን ይደብቃል፣ ያ ስህተት ደግሞ አሁን ካላችሁበት የከፋ ነው።

ስንት ደቂቃ? ሁለቱን የመቆጣጠሪያ ዝርያዎች፣ ኤቲሲሲ 29213ን (የሚሞተውን) እና ኤቲሲሲ 43300ን (የተላመደውን) በ0፣ 30፣ 60 እና 120 ደቂቃ ሞክሩ። የመጀመሪያው መስመር ጠፍቶ የሁለተኛው የሚቀርበትን አጭሩን ጊዜ ያዙ። ሁለቱም በየዙሩ አብረው ይሠሩ።

መድኃኒት የሌለበት ቱቦ መስመር ካላወጣ ውጤት የለም፤ «አልተላመደም» ብላችሁ አትላኩት። ወይ ኦሪየስ አይደለም፣ ወይ ፋጁ ያንን ዝርያ አይዘውም። ወደ ዲስክ ሂዱ፦ በ30 ማይክሮግራም ሴፎክሲቲን የክቡ ስፋት 22 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያልተላመደ፣ 21ና ከዚያ በታች የተላመደ ነው።

እስካሁን «የተላመደ» ብላችሁ የላካችኋቸውንም በዲስክ አረጋግጡና ለሐኪሞቹ ዛሬውኑ ንገሩ። «የተላመደ» ሲባል የሚሰጠው ቫንኮማይሲን ላልተላመደ ስታፍ ከክሎክሳሲሊንና ከሴፋዞሊን ያነሰ ስለሆነ፣ ታማሚው የሚሻለውን መድኃኒት አጥቶ ተኝቶ ሊሆን ይችላል።