ዓመታዊው የእሳት ደህንነት ወረቀት ላይ ማን ይፈርም?

እህቴ፣ ጥያቄሽ የእኔኑ ታሪክ ነው ያስታወሰኝ። የሕንፃ አስተዳዳሪ ነሽ። ባለቤቱ ርቀው ነው የሚኖሩት። የጥገና ድርጅቱ ዓመታዊውን የእሳት ደህንነት ማረጋገጫ ሞልቶ አመጣና "አንቺው ፈርሚና ይለቅ" አለሽ። ባጭሩ፣ ዛሬ አትፈርሚ።

ወረቀቱ አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት የተለያየ ቃል ነው የያዘው። አንዱ "ይህን ዕቃ ፈትሼዋለሁ፣ ይሠራል" የሚለው ነው። ይህ የፈተሸው ባለሙያ ቃል ነው፤ የሚፈርመውም እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው "እዚህ ሕንፃ ውስጥ መፈተሽ ያለበት ሁሉ ተፈትሿል" ይላል። ይህ የባለቤቱ ቃል ነው። በአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ለምሳሌ ዓመታዊውን መግለጫ የሚሰጠው ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ነው፤ ዕቃዎቹን የፈተሸው ባለሙያ በባለቤቱ ቦታ መፈረም አይችልም። በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ የ2005ቱ የእሳት ደህንነት ደንብ፣ ሕንፃው የሥራ ቦታ ከሆነና አሠሪው የሚቆጣጠረው ከሆነ፣ ኃላፊነቱን በአሠሪው ላይ ነው የሚጥለው። ስለዚህ የእናንተ ሕግ "ባለቤት" ነው የሚለው ወይስ "የሚቆጣጠረው ሰው"? መጀመሪያ እሱን እይ።

እኔ ይህን ሳልለይ ፈርሜያለሁ። ቅጹ ላይ "የአደጋ ጊዜ መብራት፦ ይሠራል" የሚል መስመር ነበር። የቴክኒሻኑም ፊርማ አለበት። አምኜ ፈረምኩ። ከሁለት ወር በኋላ መብራት ሲጠፋ የደረጃው መብራቶች ትንሽ በርተው ተከታትለው ጠፉ። አንዲት አሮጊት በጨለማ ግድግዳ እየዳበሱ ሲወርዱ ደረስኩባቸው። ደግነቱ እሳት አልነበረም። ያንን ደረጃ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ድርጅቱን ስጠይቅ "ውላችን እኮ ለማጥፊያና ለአላርም ብቻ ነው፤ መብራቱን ቅጹ ላይ ስላለ ቁልፉን ጫን አድርገን አየነው" አሉኝ። ቁልፍ ጫን ማድረግ የዓመት ፍተሻ አይደለም። ኤንኤፍፒኤ 101 የሚባለው የአሜሪካ የእሳት ደህንነት መስፈርት በወር ለ30 ሰከንድ፣ በዓመት ደግሞ ለ90 ደቂቃ በባትሪ ብቻ በርቶ እንዲታይ ነው የሚጠይቀው። ያረጀ ባትሪ 30 ሰከንዱን ሊያልፍ ይችላል፤ 90 ደቂቃው ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው። ያ መስመር እውነቱን ለመናገር የማንም አልነበረም። በፊርማዬ የእኔ አደረግኩት።

ከዚያ ወዲህ ውሉንና ቅጹን ጎን ለጎን ዘርግቼ ነው የማየው። ለእያንዳንዱ መስመር ማን ፈተሸው፣ መቼ፣ በምን መንገድ ብዬ እጠይቃለሁ። በተለይ የእሳት በሮች፣ የጭስ ማስወጫና የእሳት ማጥፊያ ውሃ ፓምፑ ቫልቮች ከሁሉም ውል ውጭ ሆነው ይገኛሉ። የፍተሻው ሪፖርት ከሌለ መስመሩ ባዶ ይቆያል። ያልሠራ ነገር ካለም "አልሠራም፣ በዚህ ቀን ይጠገናል" ተብሎ ይጻፍ። ባለቤቶች ይህን አይወዱትም፣ አውቃለሁ። ግን የተሰበረውን "ደህና ነው" ብሎ ከመፈረም ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ለባለቤቱ ዛሬውኑ ጻፊላቸው። ራሳቸው ይፈርሙ፤ ካልሆነም ለዚህ ጉዳይ በስም የተሰጠ የጽሑፍ ውክልና ይላኩልሽ። በስልክ "አንቺው ጨርሺው" ማለት ውክልና አይደለም። ውክልናው ሲደርስሽም በራስሽ ስም ሳይሆን "ስለ ባለቤቱ" ብለሽ ነው የምትፈርሚው፣ ቅጂውንም ከወረቀቱ ጋር ታያይዢዋለሽ። የራስሽን ፊርማ ያለ ስጋት የምታኖሪው በየወሩ ዞረሽ ያየሽውን በምትመዘግቢበት መዝገብ ላይ ነው። እሱ የአንቺ ቃል ነው።

ድርጅቱ "ቀኑ እያለፈ ነው" እያለ ካጣደፈሽ፣ ያልተፈተሹትን መስመሮች ዘርዝረሽ ለእነሱም ለባለቤቱም በጽሑፍ ላኪ። ከዚያ ውሉን አውጪና ከቅጹ ጋር አስተያይው። ማንም ያልያዘው መስመር ካገኘሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።