ዛንዚባር ላይ ትንሽ ማረፊያ ከመያዛችሁ በፊት ባሕሩ መቼ እንደሚመጣ ጠይቁ

እህቴ፣ ከባለቤትሽ ጋር ለአምስት ቀን ዛንዚባር ልትሄዱ እንደሆነ ጠቅሰሽ፣ «ከትልቁ ሪዞርት ይልቅ ጃምቢያኒ ያለች ስድስት ክፍል ብቻ ያላት ማረፊያ አማረችኝ፤ ፎቶዋን ግን ልመነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔና ባለቤቴ ጥር 2017 እዚያው መንደር እንዲህ ባለች ቤት ስላረፍን ያየነውን ልንገርሽ። ፎቶውን እመኚው። ፎቶው የማይነግርሽ ባሕሩ በስንት ሰዓት እቤቱ እንደሚገኝ ነው።

እኛ የደረስነው በአስተርዮ ማርያም ዕለት ማታ ነው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ምንም ሳናይ ተኛን። ሌሊት አሥር ሰዓት ገደማ ማዕበሉ ቀሰቀሰን፤ አልጋችን ሥር የገባ ነበር የመሰለን። ጠዋት ቁርስ በልተን፣ ፎጣችንን ትከሻችን ላይ ጣል አድርገን አራት ሰዓት ላይ ብንወጣ ባሕር የለም። ነጭ አሸዋ፣ እርጥብ አረም፣ በጎናቸው የተጋደሙ ጀልባዎች፤ ውኃው ከሩቅ እንደ ነጭ ክር ይታያል። ባለቤቴ አንዴ አሸዋውን አንዴ እኔን አየችና «ይህን ሁሉ ብር ያወጣነው ለዚህ ነው?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደሴቲቱ ምሥራቅ፣ ፓጄም ሆነ ጃምቢያኒ፣ የባሕሩ ወለል ለጥ ያለ በመሆኑ ውኃው ሲሸሽ ብዙ መቶ ሜትር ይርቃል። በቀን ሁለት ጊዜ ይሄዳል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይገፋል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ደግሞ ይብስበታል፤ በሞላውና በጎደለው መካከል ያለው ልዩነት 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እኛ ሳናውቅ የገባነው ልክ ጨረቃ በተወለደችበት ቀን ነበር። ስለዚህ ለባለማረፊያው «በእነዚህ ቀናት ውኃው የሚሞላው ስንት ሰዓት ነው?» ብለሽ ጻፊለት። ቀኑን ሙሉ ካልዋኘን የምትሉ ከሆነ ወደ ሰሜን፣ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ሂዱ፤ እዚያ ውኃው ያን ያህል አይርቅም፤ ጸጥታውን ግን እርሱት።

እኔ ግን አሁንም ብሄድ ጃምቢያኒን ነው የምመርጠው። ውኃው ሲሸሽ ባሕሩ የመንደሩ እርሻ ይሆናል። ሴቶች ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ ወርደው በችካል መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ ያሰሩትን የባሕር አረም ይለቅማሉ። አንዲት አሮጊት በቀጭን ብረት የድንጋይ ጉድጓድ ሲጎረጉሩ ቆመን አየን፤ ሲያወጡት ኦክቶፐስ ነው፤ ክንዳቸው ላይ ተጠምጥሞ አልለቅም ይላል። ማታ በኮኮናት ወተት ተሠርቶ ቀረበልን። (ስትወርዱ ጫማ አድርጉ፤ እሾሃሙ የባሕር ፍጥረት ከረገጣችሁት ቀሪውን ቀን የምታሳልፉት እግራችሁን ስትለቅሙ ነው።)

አንድ ደስ የሚል ነገር ደግሞ አለ፤ ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ነው። ጀልባ ያለው ዓሣ አጥማጅ «ሳአ ኩሚ» ብሎ ቀጠረን፤ አሥር ሰዓት ማለት ነው። አብረውን ያረፉ ሁለት ፈረንሳውያን በእነርሱ አሥር ሰዓት ገምተው፣ ጠዋት የመንሳፈፊያ ሰደሪያቸውን ለብሰው በደረቅ አሸዋ ላይ ከተጋደመ ጀልባ አጠገብ ቆመው አገኘናቸው። እኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ስንወርድ ውኃው ሞልቶ ጀልባው ይወዛወዝ ነበር። ሽማግሌ ስታገኙ «ሺካሞ» በሉ፤ ቃል በቃል እግርዎን ያዝሁ እንደማለት ነው። ጉልበት መሳም ለምናውቅ ለእኛ አይከብድም።

ስለ ቤቷ ጉድለት ልንገርሽ። የቧንቧው ውኃ ጨው ጨው ይላል፤ ሳሙና አረፋ አይሠራበትም። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፤ አጎበር ውስጥ ያለ ንፋስ መተኛት ምን እንደሚመስል ደግሞ ቆላ ያደረ ያውቀዋል። ጄኔሬተር እንዳላቸው ጠይቂ። ምግቡ ላይ ግን ነቀፋ የለኝም። ሐሙስ ማታ ለወጥ ሠሪዋ ነገ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እንደማንበላ ብንነግራቸው ለምን ብለው እንኳ አልጠየቁም፤ ጾም የሚያውቅ የሙስሊም መንደር ነው። አርብ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ መሰል ቦሎቄ ከሩዝ ጋር አቀረቡልን፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ልትሠራው ትሞክራለች፤ አልሆነላትም።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ እንዳትረሱ። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ አገር ጎብኚ 44 ዶላር የጉዞ መድን መግዛት ግዴታው ነው፤ ቀድማችሁ በኢንተርኔት ጨርሱት። ፌስታል በታንዛኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ስለሆነ ሻንጣችሁ ውስጥ ጫማ የጠቀለላችሁበትን ሳይቀር አውጡት። ከባሕሩ ወጥታችሁ መንደር ስትገቡ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ነገር ያዙ። ቀኑን ገና ካልቆረጣችሁ ደግሞ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ያለው ዋናው ዝናባቸው ነውና ያን አሳልፉትና ሂዱ።