«ለእንደራሴው ሎቢ ማድረግ» ወይስ «እንደራሴውን መወትወት»?

ጥያቄ፦ እዚህ ቨርጂኒያ የአንድ መረዳጃ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። በቅርቡ ቃለ ጉባኤ ላይ «ማኅበሩ ስለ ስደተኞች ረቂቅ ሕግ ለእንደራሴው ሎቢ እንዲያደርግ ተወሰነ» ብዬ ብጽፍ አንድ አዛውንት አባላችን «ሎቢ ለእኛ በሕግ ክልክል ነው፤ አቤቱታ በለው» አሉኝ። ሌሎች «ውትወታ» ይሻላል ይላሉ። የትኛውን ልጻፍ?

መልስ፦ እኔን ከሦስቱ ቃላት በፊት ያሳሰበችኝ «ለእንደራሴው» ላይ ያለችው «ለ» ናት። «ለዳኛው ነገረው» ስንል ዳኛው ሰሚ ነው፤ «ለልጁ ለመነለት» ስንል ግን ልጁ ተጠቃሚ ነው። ያንተም ዓረፍተ ነገር በሁለተኛው መንገድ ሊነበብ ይችላል፦ ማኅበሩ ለሰውየው ሊቀሰቅስለት ነው ተብሎ። የአሜሪካ ሕግ በፍጹም የሚከለክለው ደግሞ ይህንን ነው። «501 ሲ 3» የምትሉት ዓይነት ከግብር ነፃ የሆነ ማኅበር ዕጩን መደገፍም ሆነ መቃወም ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይፈቀድለትም። በጨረፍታ የሚያነብ መርማሪ ቢመጣ በአንዲት ፊደል ስትከራከሩ ትውላላችሁ። ስለዚህ «እንደራሴውን» በል፤ የሚወተወተው እሱ ነውና ተሳቢ ይሁን።

ወደ አዛውንቱ ልመለስ። ሥጋታቸው መሠረት አለው፤ ነገር ግን ሕጉ ሎቢን፣ ማለትም ሕግ አውጪዎች አንድን ሕግ እንዲደግፉ ወይም እንዲቃወሙ መገፋፋትን፣ ገደበ እንጂ አልከለከለም። ከማኅበሩ ሥራ ጉልህ ክፍል እስካልሆነ ድረስ ይፈቀዳል። አንድ አጭር ቅጽ ሞልቶ በወጪ መለካትን የመረጠ ማኅበር፣ የዓመት ወጪው ከ500 ሺህ ዶላር ካልበለጠ፣ እስከ 20 በመቶውን ለሎቢ ማዋል ይችላል። በዓመት 60 ሺህ ዶላር የምታወጡ ከሆነ 12 ሺህ መሆኑ ነው፤ ከዚህም ውስጥ ሕዝቡን «ደውሉ፣ ጻፉ» ብሎ ለመቀስቀስ የሚውለው ከ3 ሺህ ማለፍ የለበትም። አብያተ ክርስቲያናት ግን ይህን መለኪያ መምረጥ አይችሉም።

ለመሆኑ ሎቢ የሚባለው የቱ ነው? ኤች አር 128ን አስታውስ። በኢትዮጵያ የሰብዓዊ መብት ይከበር የሚለው ይህ የውሳኔ ሐሳብ በአሜሪካ የእንደራሴዎች ምክር ቤት የጸደቀው በሚያዝያ 10 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ነው። የአንድ ምክር ቤት ውሳኔ ስለሆነ የሕግ ጉልበት አልነበረውም። ያም ሆኖ የግብር ሕጉ የውሳኔ ሐሳብን ከረቂቅ ሕግ እኩል ስለሚቆጥር፣ አንድ ማኅበር «ኤች አር 128ን ደግፉ» ብሎ እንደራሴ ቢሮ ከሄደ ሎቢ አድርጓል። ለአባላቱ «እንደራሴያችሁ ጋ ደውሉና ደግፉ በሉ» ቢል እንኳ እንደዚያው ነው። የውሳኔ ሐሳቡ ምን እንደሚል፣ ደጋፊና ተቃዋሚ የሚያቀርቡትን ምክንያት ጨምሮ፣ ሚዛኑን ጠብቆ ማስረዳት ግን ትምህርት ነው። እንደራሴውን ለእንቁጣጣሽ መጋበዝም ሎቢ አይደለም፤ ዶሮ ወጡ ፊት ረቂቅ ሕግ ካልተነሣ።

«አቤቱታ» የራሱ ቦታ አለው። አቤት የሚል ሰው በራሱ ላይ የደረሰ በደል ወይም መጓተት ይዞ ነው። የአንድ አባል የእናቱ ቪዛ ዘግይቶ እንደራሴው ቢሮ እንዲከታተልለት ቢጠይቅ ይህ አቤቱታ ነው፤ ሕግ ይውጣ አይውጣ አላለምና ከሎቢ አይቆጠርም። የረቂቅ ሕግ ድጋፍን «አቤቱታ» ብሎ መጻፍ ግን ነገሩን መሸፈን ይመስላል፤ የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት፣ አይ አር ኤስ፣ የሚያየው ተግባሩን ነው።

«ውትወታ» ሰፊ ነው፤ ሹምን፣ ከንቲባን፣ ጎረቤትንም መወትወት ይቻላል። ለአጠቃላዩ ሥራ እሱን፣ በሕግ ለተገደበው ደግሞ «ሎቢ»ን ብትይዙ ደስ ይለኛል። ባዕድ ቃል ነው ብላችሁ አትሽሹት፤ «ፓርላማ»ም ባዕድ ነበር። «ደጅ መጥናት» የሚሉም አሉ፤ ያ ሹመትና ምሕረት የሚለመንበት ስለሆነ ለመራጭ ዜጋ አይመጥንም።

«ሎቢስት»ን ግን ለሊቀመንበራችሁ አትስጧቸው። በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው የፌዴራል ሕግ ሎቢስት ተብሎ የሚመዘገበው ተከፍሎት የሚሠራ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ባለሥልጣን ያነጋገረና በሦስት ወር ውስጥ ለዚያ ደንበኛ ከሚሰጠው ጊዜ ቢያንስ 20 በመቶውን ለዚሁ ያዋለ ሰው ነው። በነፃ የሚያገለግሉ ሰው እዚያ አይገቡም። የውጭ መንግሥት ወኪል ሆኖ መሥራት ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሌላ ሕግ የሚታይ ስለሆነ ከዚህ ጋር አታቀላቅሉት።

ቃለ ጉባኤውን እንዲህ ብታርመው፦ «ማኅበሩ ረቂቅ ሕጉ እንዲጸድቅ እንደራሴውን እንዲወተውት፣ ወጪውም በሎቢ መዝገብ እንዲያዝ ተወሰነ።» የገንዘቡን ልክ ከሒሳብ ባለሙያችሁ ጋር ተነጋገሩበት።