የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፈታኙ ወረቀቱ ላይ ምን ይጽፋል?

ጥያቄ፦ ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። የአንድ ባንክ የጽሑፍ ፈተና አልፌ ለሚቀጥለው ሳምንት ቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። የሥራ ልምዴ ዜሮ ነው። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ቀርቤ «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉኝ ከትውልድ ቦታዬ ጀምሬ ሳወራ መሀል ላይ አቋረጡኝ። ምን ልዘጋጅ? (ከፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ)

መልስ፦ ያቋረጡዎት ጠልተውዎት አይመስለንም። አብዛኛውን ጊዜ በእያንዳንዱ ፈታኝ ፊት የነጥብ መስጫ ቅጽ አለ፤ በአንድ በኩል መመዘኛዎቹ ተዘርዝረዋል፣ በሌላ በኩል ከ1 እስከ 5 የሚሞላበት ባዶ ቦታ። የትውልድ ቦታ የሚሞላበት መስመር የለውም። እርስዎ እያወሩ ፈታኙ የሚጽፈው ካጣ፣ ደቂቃው በከንቱ አለፈ ማለት ነው።

ስለዚህ ለዚህ ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ ተኩል የማይበልጥ መልስ ያዘጋጁ፦ ምን እንደተማሩ፣ በእጅዎ ምን እንደሠሩ፣ ይህን የሥራ መደብ ለምን እንደፈለጉት። ረጅሙ መካከለኛው ይሁን።

«ልምድ የለኝም» የሚለውን ከአፍዎ አያውጡት። የተግባር ልምምድ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤተሰብ ሱቅ መዝገብ፣ የእድር ሒሳብ ሁሉም ይቆጠራል፤ ግን በዝርዝር ከተነገረ ነው። ሁለት መልሶች እናወዳድር። አንደኛው፦ «በልምምድ ወቅት የሒሳብ ሥራ ሠርተናል።» ሁለተኛው፦ «በልምምድ ላይ ሳለሁ የገንዘብ መዝገቡን ከደረሰኞቹ ጋር በየማታው አመሳክር ነበር። አንድ ቀን ካዝናው ከመዝገቡ 900 ብር ጎደለ። ጎን ለጎን ያሉ አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ለ9 ይካፈላል፤ 900ም ስለሚካፈል መጀመሪያ የጠረጠርኩት የተገላበጠ ቁጥር ነው፤ የ2,300 ብር ደረሰኝ መዝገቡ ላይ 3,200 ተብሎ ሰፍሮ አገኘሁት።» ሁለተኛው ውስጥ ችግር አለ፣ ዘዴ አለ፣ ውጤት አለ። ፈታኙ ሦስቱንም ይጽፋቸዋል። እርግጥ የሚናገሩት የራስዎን ገጠመኝ መሆን አለበት፤ የሰው ታሪክ ተውሰው ከገቡ ሁለተኛው ተከታይ ጥያቄ ላይ ይጋለጣሉ።

አንደኛው መልስ ውስጥ ያለችውን «ሠርተናል» ልብ ይበሉ። በእኛ ዘንድ «እኔ እኔ» ማለት ነውር ስለሆነ ጎበዙም ሰው በ«እኛ» ይሸሸጋል። ፈታኙ ግን የቡድን ነጥብ የሚሰጥበት ቦታ የለውም። «ቡድናችን አራት ሰው ነበር፤ የኔ ድርሻ ይህ ነበር» ቢሉ ትሕትናውም አይጎድልም፣ ነጥቡም አያመልጥም።

እንዲህ ያሉ አምስት ስድስት ገጠመኞች በየአንድ መስመር ጽፈው ይያዙ። ቃል በቃል ግን አይሸምድዱ፤ የተሸመደደ ንግግር አንድ ቃል ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ስልክዎ ላይ እየቀዱ ይለማመዱ፤ ሲያዳምጡት የሚያፍሩበት ቦታ መታረም ያለበት ነው። ጅማ ላለ ቅርንጫፍ ከሆነ የሚወዳደሩት ራስን ማስተዋወቁን በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይሞክሩት፤ መስኮቱ ጋ የሚመጣው ደንበኛ ቋንቋ አይመርጥልዎትም። የቁጠባና የተንቀሳቃሽ ሒሳብ ልዩነት፣ ቼክ ሲቀርብ ምን ምን እንደሚታይ (ቀን፣ ፊርማ፣ በቁጥርና በፊደል የተጻፈው መጠን አንድ መሆኑ) ሳይታሰብ እንዳይመጣብዎት።

ጥያቄ፦ አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ለጥራት ረዳትነት የቅምሻ ፈተና ጠርቶኛል። ቡና ስጠጣ ነው ያደግሁት፤ ይበቃኛል? (ከአጂፕ ሰፈር)

መልስ፦ አይበቃም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ያስቸግራል። በቤት ቡና ድምፅ እያሰሙ መማግ አያስመሰግንም፤ በቅምሻ ጠረጴዛ ላይ ግን ከማንኪያው በኃይል ካልማጉት ቡናው በምላስዎ ሁሉ አይበተንም፣ ሽታውም ወደ አፍንጫ አይወጣም። ቀምሰው ይተፉታል።

በተለመደው ዓለም አቀፍ አሠራር ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና ይገባል፤ ውኃው 93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ4 ደቂቃ በኋላ ላዩ ላይ የተንሳፈፈው የቡና ሽፋን በማንኪያ ይሰበራል። ያን ጊዜ አፍንጫዎን ወደ ሲኒው ያስጠጉ፤ ሽታው ጎልቶ የሚወጣው በዚያች ቅጽበት ነው።

ብዙዎች የሚወድቁት ሦስት ሲኒ ቀርቦ «ልዩው የቱ ነው?» ሲባል ነው። ሁለቱ አንድ ቡና፣ አንዱ ሌላ ነው። መጀመሪያ የተቀመሰው ሲኒ ምላስ ገና ምንም ስላልቀመሰ ብዙ ጊዜ ልዩ ይመስላል፤ ስለዚህ ከግራ ወደ ቀኝ ቀምሰው፣ አፍዎን በውኃ አጥበው፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይመለሱ። ገና ሲፋጅ አይወስኑ፤ ቡናው ለብ ሲል ልዩነቱም ጉድለቱም ይገለጣል።

ሲገልጹ «ጥሩ ነው» ምንም አያስጽፍም። «አሲዲቲው (ኮምጣጣነቱ) ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ቶሎ ይጠፋል» ወይም «አፈር አፈር ይላል፣ መሬት ላይ የደረቀ ይመስላል» ይበሉ። የዕለቱ ጠዋት ሽቶ፣ ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት ይቅር። ስሌትም ሊመጣ ይችላል፦ 1 ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ አንድ ኩንታል 5.9 ፈረሱላ ገደማ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ የመጣው የቃለ መጠይቅ ጥሪ መልእክት «9:00» ብቻ ይላል። ጠዋት ነው ከሰዓት? (ከመርካቶ፣ ጅማ)

መልስ፦ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ በኛ ከሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት። ደውለው «ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?» ብለው ይጠይቁ፤ ማንም አይታዘብዎትም። ስልኩ ካልተነሳ ለጠዋቱ ይድረሱ። ቀኑም በቁጥር ብቻ ከተጻፈ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብረው ያጣሩ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቢያንስ በዋዜማው ገብተው ይደሩ፤ ዋናውን የትምህርት ማስረጃና መታወቂያም ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከእጅዎ በማይለይ ቦርሳ ይያዙ።